ባለ ሁለት ክፍሉን ኦፕን ወደ ባለ ሦስት ከቀየርኩ በኋላ ፐርል ያለውን ፋይል «የለም» ይለኛል

ጥያቄ፣ ከደሴ

ጤና ይስጥልኝ። በምሠራበት መሥሪያ ቤት ከደቡብ ወሎና ከአጎራባች ገበያዎች በየሳምንቱ የሚላኩ የእህል ዋጋ ፋይሎችን አንድ በአንድ እየከፈተ የጤፍ፣ የማሽላና የማሾ አማካይ የኩንታል ዋጋ የሚያወጣ፣ ፐርል በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ የተጻፈ አንድ ስክሪፕት አለ። የጻፉት ባልደረባ ወደ ሌላ ቦታ በመዛወራቸው አሁን የምይዘው እኔ ነኝ። ኮምቦልቻ የምትገኝ የሥራ ባልደረባችን የሳምንቱን ፋይሎች ስም በዊንዶውስ ኮምፒዩተሯ ላይ በኖትፓድ፣ በአንድ መስመር አንድ ስም እያደረገች ትዘረዝርና ከፋይሎቹ ጋር ትልክልናለች፤ እኛ ዘንድ ያለው የኡቡንቱ ማሽን ደግሞ ዝርዝሩን መስመር በመስመር እያነበበ «ገበያ» በተባለው ፎልደር ውስጥ ያሉትን ፋይሎች ይከፍታል። የቆዩት ፋይሎች ስማቸው በላቲን ፊደል የተጻፈ ነው፤ በቅርቡ የተጨመሩት ገበያዎች ግን ከስልክ ስለሚልኩ ፋይላቸውን በግዕዝ ፊደል መሰየም ጀምረዋል።

ስክሪፕቱ የተጻፈው በድሮው ስልት ነው። ፋይል ለሚከፍተው ትእዛዝ፣ ለኦፕን፣ የሚሰጠው ሁለት ነገር ብቻ ነበር፤ አንደኛው የፋይል ሃንድሉ (የተከፈተው ፋይል መያዣ)፣ ሁለተኛው የፎልደሩና የፋይሉ ስም የተቀጠለበት ጽሑፍ። የመስመር ማብቂያን የሚያነሳው ቾምፕ አልነበረበትም፤ ስህተትን የሚያጋልጡት ስትሪክትና ዋርኒንግስም አልተጠሩበትም። ይህ አጻጻፍ አደገኛ መሆኑን ስለተረዳሁ ኦፕኑን ወደ ባለ ሦስት ክፍል ቀየርኩት፤ በመካከል የማንበቢያ ምልክቱን (<) ለብቻው አስገባሁ፣ ሃንድሉን በማይ የታወጀ ቫሪያብል አደረግሁ፣ ከዝርዝሩ የተነበበውን መስመር ደግሞ በቾምፕ አጸዳሁ። በስክሪፕቱ ውስጥ የፎልደሩ ስም በግዕዝ ፊደል ስለተጻፈም ከስትሪክትና ከዋርኒንግስ ጋር «ዩዝ ዩቲኤፍ8» የሚለውን፣ ስክሪፕቱ ራሱ ዩቲኤፍ-8 በተባለው የፊደላት አጻጻፍ ሥርዓት መጻፉን ለፐርል የሚነግረውን መስመር ጨመርኩ። ኦፕን ካልተሳካ ስክሪፕቱን የሚያቆመው ዳይ የፋይሉን ስም በነጠላ ጥቅስ ከቦ ከነምክንያቱ፣ ማለትም ከ$! ጋር፣ እንዲያወጣ አድርጌአለሁ።

ከዚህ በኋላ አንድም ፋይል አልከፈት አለኝ። የሚሰጠው ምክንያት ቁጥር 2፣ ማለትም እንዲህ ያለ ፋይል ወይም ፎልደር የለም የሚለው ነው። ፋይሎቹ ግን በፎልደሩ ውስጥ ይታዩኛል፤ የዝርዝሩ የመጀመሪያ መስመር ላይ ያለውን ስም በእጄ ጽፌ በስክሪፕቱ ውስጥ በቀጥታ ሳስገባው ያለ ችግር ይከፈታል። ሌላም ያልገባኝ ነገር አለ፤ የስህተቱ መልእክት በተርሚናሉ ላይ ሲወጣ ቅርጹ የተበላሸ ነው። ከስሙ በኋላ መምጣት የነበረባቸው የጥቅሱ መዝጊያና ተከታዩ ጽሑፍ መስመሩ መጀመሪያ ላይ ይወጡና የፋይሉን ስም ይሸፍኑታል። አልፎ አልፎም ስለ ሰፊ ካራክተር የሚናገር ማስጠንቀቂያ አብሮ ይመጣል።

ድሮ ሲሠራ የነበረ ስክሪፕት ይበልጥ ጥንቃቄ የተሞላበት አጻጻፍ ሲደረግለት ለምን ይሰናከላል? ወደ አሮጌው ልመለስ ወይስ የሳትኩት ነገር አለ?

መልስ፣ ከወልድያ

ወደ አሮጌው አይመለሱ። የመልእክቱን መበላሸት መጥቀስዎ ትልቅ ነገር ነው፤ ምክንያቱን ከዚያው ማንበብ ይቻላል።

ዊንዶውስ ላይ የተዘጋጀ የጽሑፍ ፋይል እያንዳንዱ መስመር የሚያልቀው በሁለት የማይታዩ ካራክተሮች ነው፤ መጀመሪያ ቁጥር 13፣ ቀጥሎ ቁጥር 10። ቾምፕ የሚያነሳው ፐርል የመስመር ማብቂያ ነው ብሎ የያዘውን ብቻ ነው፤ ሊኑክስ ላይ ደግሞ ይህ ካልተቀየረ በቀር ቁጥር 10 ብቻ ነው። ስለዚህ ቾምፕ ከሠራ በኋላም ቁጥር 13 ከስሙ ጭራ ላይ እንደተጣበቀ ይቀራል። ፐርል ፈልግ የተባለው የሚያዩትን ስም ሳይሆን ስሙን ከነጭራው ነው፤ ሊኑክስም እንዲህ ያለ ፋይል የለም ሲል እውነቱን ነው። ካራክተር 13 በተርሚናል ላይ የሚያደርገው ጠቋሚውን ወደ መስመሩ መጀመሪያ መመለስ በመሆኑ፣ ከእሱ በኋላ የሚጻፈው ሁሉ ቀድሞ በተጻፈው ላይ ይደረባል። ጥቅሱ ስሙን የሸፈነው በዚህ ምክንያት ነው። ስሙን በእጅዎ ሲጽፉት የተከፈተውም ጭራው ስለሌለው ነው።

ድሮ ለምን ሠራ ለሚለው፦ ባለ ሁለት ክፍሉ ኦፕን የተሰጠውን ስም ከመጠቀሙ በፊት ከፊትና ከኋላው ያለውን ባዶ ቦታ ሁሉ ጠርጎ ይጥላል። ቁጥር 13ም ቁጥር 10ም በዚህ ውስጥ ይጠረጋሉ፤ ቀድሞ የነበሩት ባልደረባ ቾምፕ ሳይጽፉ የሠራላቸውም ለዚሁ ነው። ባለ ሦስት ክፍሉ ግን፣ ከፐርል 5.6 ጀምሮ ማለትም ከ2000 እ.ኤ.አ. ወዲህ ያለው፣ ስሙን እንዳለ ይወስዳል። አንዳች አይጨምርም፣ አንዳች አይቀንስም። ጥቅሙም ይኸው ነው። በአሮጌው ስልት ከዝርዝሩ የመጣ ስም የፎልደር ስም ሳይቀድመው በመጻፊያ ምልክት (>) ቢጀምር ስክሪፕትዎ ፋይሉን ሊያነብ ሄዶ ባዶ ያደርገው ነበር፤ በቋሚ መስመር (|) ቢያልቅ ደግሞ ስሙን እንደ ትእዛዝ ቆጥሮ ያስኬደው ነበር። ከሌላ ሰው እጅ በሚመጣ ዝርዝር ላይ ይህን ያህል መተማመን አይገባም።

ለማረጋገጥ ከቾምፕ በኋላ የስሙን የመጨረሻ ካራክተር ቆርጠው ኦርድ በተባለው ተግባር ቁጥሩን ያትሙ። 13 ካወጣ ነገሩ ተገኘ። ወይም ዳታ ዳምፐር የተባለውን ሞጁል የማይታዩ ካራክተሮችን ገልጦ በሚያሳየው አማራጩ ይጠቀሙ፤ እኔ ስም በያዘ ቫሪያብል ላይ ጥርጣሬ ሲገባኝ ወዲያው የምጠራው እሱን ነው፣ ተራ ፕሪንት የሚደብቀውን ያወጣልና። መፍትሔው ቾምፕን በመተኪያ መግለጫ ተክቶ በመስመሩ መጨረሻ ያለውን ባዶ ቦታ ሁሉ መጥረግ ነው። የዋጋ ፋይሎቹም ከዊንዶውስ የሚመጡ ከሆነ ያንኑ መጥረጊያ እዚያም ይጠቀሙበት፤ አለዚያ በመጨረሻው ዓምድ ላይ ያለ «ማሾ» የሚል ቃል በስክሪፕቱ ውስጥ ካለው «ማሾ» ጋር ሲነጻጸር አይገጥምም፣ ስህተትም አይናገርም።

በዚያው «አውቶዳይ» የተባለውን ሞጁል ቢጠሩ ጥሩ ነው። ከ5.10.1 ጀምሮ ከፐርል ጋር አብሮ ይመጣል፤ ኦፕን ባልተሳካ ቁጥር ስሙንና ምክንያቱን ራሱ ጽፎ ያቆማል።

መልስ፣ ከመካነ ሰላም

ከላይ የተሰጠው መልስ ትክክል ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ግን በጥያቄው ውስጥ እንደ እውነት የተወሰደው ሌላ ነገር ነው፤ አሮጌው ስክሪፕት ሁሉንም ፋይሎች ይከፍት እንደነበር በምን ያውቃሉ?

የአሮጌውን የኦፕን መስመር እንደገና ይመልከቱት። ዳይ ካለበት፣ ከዳይ በፊት ያለው «ኦር» የሚለው ቃል ነው ወይስ ሁለቱ ቋሚ መስመሮች (||)? የኦፕን ቅንፍ ሳይደረግ ሁለቱ ቋሚ መስመሮች ከተጻፉ፣ ፐርል እነሱን የሚያስረው ከኦፕን ጋር ሳይሆን ከፊታቸው ካለው የፋይል ስም ጋር ነው። ባዶ ያልሆነ ስም ሁልጊዜ እንደ እውነት ስለሚቆጠር ዳይ ለዘላለም ተራው አይደርሰውም። ያልተከፈተ ሃንድል ሲነበብም ዋርኒንግስ ካልተጠራ ፐርል ዝም ይላል፤ ዜሮ መስመር አንብቦ ወደሚቀጥለው ያልፋል። የእርስዎ ውጤት ድምር ቢሆን ኖሮ ጉድለቱ ይታይ ነበር። አማካይ ግን የተከፈቱትን ብቻ ደምሮ ለተከፈቱት ብቻ ስለሚያካፍል ሁለት ሦስት ገበያ ቢጎድልም ቁጥሩ ጤነኛ መስሎ ይወጣል።

ጠያቂው፣ ከደሴ

ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። የመጨረሻው ካራክተር ቁጥር 13 መሆኑን አረጋግጫለሁ። መጥረጊያውን ካስገባሁ በኋላ በላቲን ፊደል የተሰየሙት ፋይሎች፣ ከአንዱ በቀር፣ ሁሉም ተከፍተዋል። ያልተከፈተው የዝርዝሩ የመጀመሪያ መስመር ላይ ያለው የአልብኮ ፋይል ነው፤ በስህተቱ መልእክት ላይ ከስሙ ፊት ሦስት እንግዳ ምልክቶች ተደርድረው ይታያሉ። በግዕዝ ፊደል ከተሰየሙት ግን አንዱም አልተከፈተም። በመልእክቱ ላይ «ገበያ» የሚለው የፎልደሩ ስም ደህና ይነበባል፤ ከእሱ ቀጥሎ ያለው የፋይሉ ስም ግን ነጥብና ጭረት በላያቸው ያለባቸው የአውሮፓ ፊደላት ክምር ሆኖ ይወጣል።

ከመካነ ሰላም ለተነሣው ጥያቄ፦ በአሮጌው መስመር ላይ ያሉት ሁለቱ ቋሚ መስመሮች ናቸው፤ ቅንፍም የለም። ስለዚህ «ይሠራ ነበር» ያልኩትን ወደኋላ ሄጄ በእያንዳንዱ ሳምንት ማጣራት ሊኖርብኝ ነው። የአሮጌውን ግልባጭ ወስጄ በቅንፍና በ«ኦር» አስተካክዬ ሳስኬደው በግዕዝ የተሰየሙትን አብዛኞቹን ይከፍታል። አዲሱ የማይችለውን አሮጌው መቻሉ አሁንም ግራ ያጋባኛል።

መልስ፣ ከላሊበላ

ሁለት የተለያዩ ችግሮች ናቸው፤ ሁለቱም ስለ ባይትና ስለ ካራክተር ልዩነት ናቸው። ቀላሉን ላስቀድም።

ኖትፓድ አንድን ጽሑፍ በዩቲኤፍ-8 ሲያስቀምጥ፣ በተለይ በቆዩት የዊንዶውስ ቅጂዎች፣ ፋይሉ መጀመሪያ ላይ 239፣ 187 እና 191 የሚሉ ሦስት ባይቶችን ያኖራል፤ የፋይሉን የአጻጻፍ ሥርዓት የሚጠቁም መለያ ነው። ፐርል ይህን መለያ በራሱ አያነሳውም። በዚህ ምክንያት የመጀመሪያው መስመር ላይ ያለው ስም ሁሌ ከፊቱ ሦስት ትርፍ ባይት ይዞ ይመጣል፤ የአልብኮ ፋይል ያልተከፈተው ለዚህ ነው። ይህ ባዶ ቦታ ተብሎ ስለማይቆጠር ባለ ሁለት ክፍሉ ኦፕንም አይጠርገውም። እንግዲህ አልብኮ፣ ዝርዝሩ በላቲን ፊደል ተራ የሚሰናዳ ከሆነ፣ በአሮጌው ስክሪፕትም አንድ ጊዜ እንኳ ተከፍቶ አያውቅም ማለት ነው። በአዲሶቹ የዊንዶውስ 10 ቅጂዎች፣ ከ1903 ጀምሮ፣ ኖትፓድ በነባሪው ያለ መለያ ያስቀምጣል፤ ነገር ግን የባልደረባዎን ኮምፒዩተር ከመለወጥ ስክሪፕቱን ማስተካከል ይሻላል።

ሁለተኛው ሰፋ ያለ ማብራሪያ ይፈልጋል። የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ-8 ሲጻፍ እያንዳንዱ ሦስት ባይት ይይዛል። ለምሳሌ «ሐ» 225፣ 136፣ 144 የሚሉ ባይቶች ናቸው። ሊኑክስ ስለ ፊደል አያውቅም፤ ለእሱ የፋይል ስም የባይቶች ተርታ ብቻ ነው። ፐርል ግን ጽሑፍን በሁለት መልክ ይይዛል። ከፋይል ያለ ምንም ትእዛዝ የተነበበ መስመር ጥሬ ባይት ነው፤ በውስጡ «ሐ» ካለ ፐርል የሚያየው አንድ ፊደል ሳይሆን ሦስት ትናንሽ ካራክተሮችን ነው። «ዩዝ ዩቲኤፍ8» በተጠራበት ስክሪፕት ውስጥ በጥቅስ የተጻፈ «ገበያ» ግን የተፈታ ጽሑፍ ነው፤ ፐርል ሦስት ፊደል መሆኑን ያውቃል።

እርስዎ የተፈታውን «ገበያ» ካልተፈታው የፋይል ስም ጋር ቀጠሉት። ፐርል ሁለቱን ለማዋሐድ ሲል እያንዳንዱን ጥሬ ባይት እንደ አንድ የአውሮፓ ፊደል ቆጥሮ እንደገና በዩቲኤፍ-8 ይጽፈዋል። 225 የነበረው 195 እና 161 ይሆናል፤ 136 የነበረው 194 እና 136 ይሆናል፤ ባለ ሦስት ባይቱ «ሐ» ስድስት ባይት ሆኖ ይወጣል። በመልእክቱ ላይ ፎልደሩ ደህና ሆኖ ስሙ ብቻ የተበላሸው በዚህ ነው። በላቲን የተሰየሙት የተረፉት ባይታቸው ከ128 በታች ስለሆነና እንዲህ ያለው ድርብ አጻጻፍ ስለማይነካቸው ነው። አሮጌው ስክሪፕት ደግሞ ፎልደሩንም ፋይሉንም ጥሬ ባይት አድርጎ ስለያዘ ሁለቱ ተስማምተው ያልፉ ነበር። ስለ ሰፊ ካራክተር የሚናገረው ማስጠንቀቂያም የዚሁ ምልክት ነው፤ የተፈታ ጽሑፍ እንደገና ሳይታሰር ወደ ውጭ መውጣቱን ይናገራል።

«ዩዝ ዩቲኤፍ8»ን በመሰረዝ ብቻ ችግሩን ማስወገድ ይቻላል። አልመክርም። ያኔ ስክሪፕቱ ስለ ፊደል ምንም የማያውቅ ይሆናል፤ «ማሽላ» ርዝመቱ ሦስት መሆኑ ቀርቶ ዘጠኝ ይሆናል፣ በፊደል ላይ የሚሠራ የመፈለጊያ መግለጫም ይሳሳታል። የሚሻለው ድንበሩን ማክበር ነው። የስሞቹን ዝርዝር ሲከፍቱ በማንበቢያው ምልክት አጠገብ የዩቲኤፍ-8 ኢንኮዲንግ ንብርብር ይጨምሩ፤ ስሞቹ ገና ሲነበቡ የተፈቱ ይሆናሉ። ከመጀመሪያው መስመር ፊት ቁጥሩ 65279 የሆነ ካራክተር ካለ ያንሱት፤ ሦስቱ ባይቶች ሲፈቱ የሚሆኑት ይህንኑ አንድ ካራክተር ነው። ፎልደሩንና ስሙን ከቀጠሉ በኋላ፣ ኦፕን ከመጥራትዎ በፊት፣ ሙሉውን መንገድ ኢንኮድ በተባለው ሞጁል ወደ ዩቲኤፍ-8 ባይት ይመልሱት። ለስህተት መልእክቶቹም መውጫውን በቢንሞድ ዩቲኤፍ-8 ያድርጉት፤ ማስጠንቀቂያው ይጠፋል፣ ስሞቹም ይነበባሉ።

ይህ ሁሉ የሊኑክስ ነው። ስክሪፕቱን ዊንዶውስ ላይ ለማስኬድ ያሰበ ሰው ካለ ተራው ኦፕን በግዕዝ የተሰየመ ፋይል ላይ እንደማያስተማምን ይወቅ፤ በዚያ በኩል ስሙ የሚያልፈው በቆየው የኮድ ገጽ ሥርዓት ነው፣ የግዕዝን ፊደል የያዘ የቆየ የኮድ ገጽ ደግሞ የለም።

መልስ፣ ከቆቦ

በአውቶዳይ ላይ ከወልድያው ወንድሜ ጋር አልስማማም። ሞጁሉ መልካም ነው፤ ለዚህ ሥራ ግን የመጀመሪያው ፋይል ሲሰናከል ሁሉንም ያቆመዋል፤ ጠያቂያችንም አንዱን አስተካክለው ሲያስኬዱት ሁለተኛውን፣ ሁለተኛውን አስተካክለው ሦስተኛውን እያገኙ ይውላሉ። እኔ የማደርገው ያልተከፈቱትን ስሞች ከነምክንያታቸው በአንድ ዝርዝር ውስጥ እያከማቹ መቀጠል፣ በመጨረሻም ዝርዝሩ ባዶ ካልሆነ አማካዩን ሳያትሙ ሁሉንም አውጥቶ ማቆም ነው። የጎደለ ገበያ ያለበት አማካይ ከሚወጣ ምንም ባይወጣ ይሻላል።

ምክንያቱን ሲያከማቹ $!ን ኦፕን እንደተሰናከለ ወዲያውኑ ወደ ሌላ ቫሪያብል ይቅዱት። በመካከል ወደ መዝገብ ፋይል መጻፍ ወይም ሌላ ፋይል መፈተሽ ካለ ዋጋው ሊለወጥ ይችላል። ኦፕን ተሳክቶ ሳለም $!ን አይመልከቱ፤ ሲሳካ አይጸዳምና ካለፈ ሥራ የቀረ ነገር ይዞ ሊገኝ ይችላል። ጽሑፍ ፋይል ከፍቶ ስለ መሣሪያ የማይገባ ጥያቄ የሚል ግራ የሚያጋባ መልእክት፣ ቁጥር 25፣ ያየ ሰው ብዙ ነው፤ ፐርል ሃንድሉ ተርሚናል መሆን አለመሆኑን ሲፈትሽ የቀረ ነው እንጂ ስህተት አይደለም።

ስክሪፕቱ ሥራን በተወሰነለት ሰዓት በሚያስነሣው በክሮን የሚነሣ ከሆነ ደግሞ «ገበያ» ብቻ ተብሎ የተጻፈ ፎልደር አይገኝም። ክሮን ሥራውን የሚጀምረው ከተጠቃሚው የቤት ፎልደር ነው፤ እርስዎ በእጅ ሲያስኬዱት ግን ስክሪፕቱ ካለበት ቦታ ሆነው ነው። ፋይንድቢን የተባለው ሞጁል ስክሪፕቱ የተቀመጠበትን ቦታ ይነግርዎታል፤ መንገዱን ከዚያ ጀምረው ሙሉ አድርገው ይጻፉ። የስህተቱ ቁጥር 2 ሳይሆን 13 ከሆነ፣ ማለትም ፈቃድ ተከልክሏል ካለ፣ የፋይሉን ፈቃድ ብቻ አይዩ። ወደ ፋይሉ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለው እያንዳንዱ ፎልደር የማለፊያ ፈቃድ ሊኖረው ይገባል። ከኡቡንቱ 21.04 ጀምሮ አዲስ የሚፈጠር የቤት ፎልደር ለሌሎች ተጠቃሚዎች ዝግ ስለሆነ፣ በድሮው ማሽን ላይ በሌላ ተጠቃሚ ስም ሲነሣ የኖረ ሥራ በአዲሱ ማሽን ላይ በድንገት 13 ይዞ ሊመጣ ይችላል።

ጠያቂው፣ ከደሴ

ያላችሁትን ሁሉ አድርጌአለሁ። አልብኮ ተከፍቷል፤ በግዕዝ የተሰየሙትም ተከፍተዋል። ያልተከፈቱትን የማከማቸቱን ሐሳብ ተቀብዬ ስክሪፕቱን አሁን ሳስኬደው በዝርዝሩ ውስጥ አንድ ስም ብቻ ይቀራል፤ የሐይቅ ገበያ ፋይል ነው። ባይቶቹን ሳወጣ ልዩነቱ ታየኝ፤ ፋይሉ የተሰየመው በ«ሐ» ነው፣ ዝርዝሩ ላይ ግን የተጻፈው በ«ሀ» ነው። አንዱ 225፣ 136፣ 144 ነው፤ ሌላው 225፣ 136፣ 128። ይህም ፋይል መላክ ከጀመሩበት ሳምንት አንሥቶ በአሮጌው ስክሪፕት በዝምታ ሲታለፍ ኖሯል። ፋይሉን በ«ሀ» ልሰይመው አስቤ ነበር፤ ነገር ግን በሚቀጥለው ሳምንት የሚልከው ሌላ ሰው በ«ሃ» ቢጽፈውስ?

መልስ፣ ከሐይቅ

እኛው ሠፈር ሆነን እንኳ በአንድ መንገድ አንጽፈውም፤ ስለዚህ ፋይሎቹን በመሰየም ሲሯሯጡ አይኖሩም። የፋይሎቹንም የዝርዝሩንም ስም እንዳለ ይተዉትና ለማነጻጸሪያ ብቻ የሚያገለግል ሦስተኛ ስም ይፍጠሩ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ስክሪፕቱ ሲጀምር «ገበያ» የተባለውን ፎልደር ኦፕንዲር እና ሪድዲር በተባሉት ትእዛዞች ያንብቡ። ሪድዲር የሚሰጠው ጥሬ ባይት ስለሆነ መጀመሪያ ይፍቱት። ከዚያ ፊደልን በፊደል በሚተካው ትእዛዝ የ«ሐ»ንና የ«ኀ»ን ዘር ወደ «ሀ»፣ የ«ሠ»ን ወደ «ሰ»፣ የ«ዐ»ን ወደ «አ»፣ የ«ፀ»ን ወደ «ጸ» ከነሰባት ቤታቸው ይመልሱ፤ «ሃ»ን ወደ «ሀ»፣ «ኣ»ን ወደ «አ» መመለስንም አይዘንጉ፣ ስልክ ላይ የሚጽፉ ሰዎች አብዝተው የሚቀያይሩት እነዚህን ነውና። የተመለሰውን ስም ቁልፍ፣ በዲስኩ ላይ ያለውን ትክክለኛ ስም ዋጋ አድርገው በሃሽ (ዋጋን በቁልፉ በሚያገኝ ማከማቻ) ውስጥ ያኑሩ። ከዝርዝሩ የሚመጣውን ስም በዚያው መንገድ መልሰው በሃሹ ውስጥ ይፈልጉት፤ ለኦፕን የሚሰጡት ግን ሁልጊዜ በዲስኩ ላይ የተገኘውን ስም ይሁን። ሁለት ፋይሎች አንድ ቁልፍ ላይ ቢያርፉ፣ ለምሳሌ ሐይቅ በ«ሐ»ም በ«ሃ»ም ተልኮ ቢገኝ፣ የኋለኛው የፊተኛውን እንዲተካ አይፍቀዱለት፤ የትኛው የዚህ ሳምንት እንደሆነ ስክሪፕቱ ሊያውቅ አይችልምና ሁለቱንም ስም ባልተከፈቱት ዝርዝር ውስጥ ያስገቧቸው።

ሪድዲር የፋይሉን ስም ብቻ እንጂ ፎልደሩን አብሮ አይሰጥም፤ ኦፕን ከመጥራትዎ በፊት «ገበያ»ን መልሰው ካልቀጠሉት እንደገና ቁጥር 2 ይመጣብዎታል። ሪድዲርን ትተው ግሎብን ለመጠቀም ካሰቡ ደግሞ ግሎብ የተሰጠውን ጽሑፍ በባዶ ቦታ እንደሚከፋፍለው ይወቁ። ውስጡ «ወረ ኢሉ» ወይም «ደሴ ዙሪያ» የሚል ስም ያለበት የመፈለጊያ ጽሑፍ ቢሰጡት ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ፈልግ የተባለ መስሎት ይሄዳል። ፋይል ግሎብ በተባለው ሞጁል ውስጥ ያለው ቢኤስዲ ግሎብ ይህን አያደርግም። ባለ ሦስት ክፍሉ ኦፕንም በስም መካከል ያለ ባዶ ቦታ አያስቸግረውም።

ያለፉትን ሳምንታት እንደገና ሲያሰሉ ከእያንዳንዱ አማካይ አጠገብ የተነበቡትን ገበያዎች ቁጥር አብረው ያትሙ፤ አልብኮና ሐይቅ የገቡበትን ካልገቡበት ለመለየት ሌላ ምልክት አያሻም። የውጤቱን ፋይል ሲዘጉ ደግሞ ክሎዝንም እንደ ኦፕን በ«ኦር» ይፈትሹት፤ ዲስኩ ሞልቶ ከሆነ የሚያሳውቀው ብዙ ጊዜ ያኔ ነው።